የ2006 ሞተር በ2002 ሆንዳ 400ኢኤክስ ላይ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የ2002 ኤቲቪዬን ሞተር አውጥቼ የ2006 ሞተር አስገባሁባት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ለመሆኑ ገጠመ?" ብሎ ነው። አዎ፣ ገጠመ። ቡሎኖቹ ቀዳዳቸውን አገኙ፣ ማርሚታውም ያለምንም ጣጣ ገባ። ያንገላታኝ ሌላ ነገር ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ኤቲቪዋ 400ኢኤክስ ናት፤ ሆንዳ በ1999 ያወጣት ባለ አራት ጎማ። 397 ሲሲ፣ አንድ ፒስተን፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር ያላት። ራዲያተር የለ፣ ምን የለ። እንደ ድሮዋ ቮልስ ናት፤ መፍቻና ትዕግስት ካለህ ደጅህ ላይ ትሠራታለህ። ችግሯ እስከ 2004 የተሠሩት የኋላ ማርሽ የላቸውም፣ ሆንዳ የጨመረው በ2005 ነው። ጠባብ መንገድ ላይ አፍንጫዋን ዛፍ ላይ ከደቀንክ ወርደህ በጉልበትህ መጎተት ነው እንግዲህ። አንድ ቀን ስጎትት ያየችኝ ባለቤቴ "አህያ ነው እንዴ የገዛኸው?" ብላኛለች።

ባለፈው ዓመት የድሮው ሞተር ዘይት መብላት ጀመረ። ሰማያዊ ጭስ፣ ጠቁሮ የሚወጣ ካንዴላ፣ በየሳምንቱ ዘይት መጨመር። ስከፍተው የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሲሊንደሩም ተጭሯል። አሳድሰዋለሁ ብዬ ዋጋ ሳጠያይቅ አንድ ሰው የ2006ን እየበተነ ሲሸጥ አገኘሁ፤ ሞተሩን ብቻ በ700 ዶላር። "እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው" አለኝ። እንደሱ የማይል ሻጭ አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ኮምፕረሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። ደህና ነበር፣ ገዛሁት።

አዳማ ጋራዥ የሠራ ጓደኛ አለኝ፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ማውጣትና ማስገባቱ ቀላሉ ነው። ሞተሩ የኋላ ማርሽ አለው፣ ግን ማርሹን የሚፈቅደው ኬብልና እጀታው ከሞተሩ ጋር አልመጣም! እኔም አልጠየቅኩም፣ ሻጩም አልነገረኝም። ያገለገለ ፈልጌ እስኪደርሰኝ ሦስት ሳምንት ኤቲቪዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ ቆየች። የምትገዙ ካላችሁ ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት ኬብሉን ጠይቁ። ሌላው ሽቦ ነው። ከአዲሱ ሞተር የኋላ ማርሹን መብራት የሚያበራ ሽቦ ይወጣል፣ የ2002ቷ ላይ ግን የሚገባበት ቦታ የለም። በፕላስተር ጠቅልዬ አሰርኩት፣ እስካሁንም እንደታሰረ ነው።

ካርቡሬተሩን አልነካሁም፣ የራሴኑ መልሼ ገጠምኩ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋብሪካው የሰጠው የቤንዚን ቀዳዳ ይበዛባታል፤ እኔ ድሮውኑ ጠበብ ባለ ቀዳዳ ቀይሬዋለሁ። እንጦጦን በአሮጌ መኪና የወጣ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ዘይቱ ላይ ግን ጉድ ሠራሁ። የዚህች ኤቲቪ ዘይት ሞተሩ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም፣ ለብቻው ማጠራቀሚያ አለው፤ ቆማ ስታድር ግን ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። እኔ ጠዋት ተነስቼ መለኪያውን ሳወጣ ደረቅ ነው። ደነገጥኩና ሞላሁበት። አስነስቼ ሰፈሩን አንድ ዙር ስዞር ትርፉ ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ተፋ፣ ማጣሪያው ዶሮ ወጥ መሰለ። ጓደኛዬ ስቆ ሊሞት። መጀመሪያ አስነስቶ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት፣ ከዚያ አጥፍቶ መለካት ነው ደንቡ። መመሪያው ላይም ተጽፏል፣ ማን ያነባል እንጂ።

ወረቀቱ ደግሞ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ሆነልኝ። አገር ቤት ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሞተር ከቀየርክ መመላለስ አለ። እዚህ የሚታየው የሻንሲው ቁጥር ነው። የምዝገባ ስቲከሩንም እንደ ወትሮው አሳደስኩ፣ ሞተሩን ማንም አልጠየቀኝም።

ዘጠኝ ወር ነዳሁት፣ ብዙውን ራምፓርት ሬንጅ በሚባለው የኮሎራዶ ተራራማ መንገድ ላይ። ጭስ የለም፣ ዘይት አይጎድልም፣ ብርድ ላይ ቾኩን ሳብ ካደረግክለት ወዲያው ይነሳል። ጉልበቱ ከድሮው ጤነኛ ሞተሬ ጋር አንድ ነው፤ አዲስ ፍጥነት የጠበቀ ያዝናል። የኋላ ማርሹ ግን ሕይወቴን ቀይሮታል ብል አላጋነንኩም። ቅሬታዬ ኬብሉ ላይ ነው፤ አቧራ ሲበላው ይላላና ማርሹ አልገባ ይላል፣ በየወሩ ማጥበቅ አለብኝ። ከጎን ክዳኑ ጓርኒሲዮንም ትንሽ ዘይት ያልባል። ገና አልቀየርኩትም፣ ስንፍና ነው።

ድጋሚ አደርገው ነበር ወይ? የድሮው ሞተር ስለሞተ እንጂ ለኋላ ማርሽ ብቻ ብዬ አልፈታትም ነበር፤ ሙሉዋን የ2005 ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራች ፈልጌ እገዛ ነበር። ሞተሩ፣ ኬብሉ፣ ዘይቱና ጥቃቅኑ ተደምሮ ወደ 950 ዶላር ደርሷል፣ ለጓደኛዬ ያበላሁትን ክትፎ ሳልቆጥር።

አሮጌው ሞተር ጋራዡ ጥግ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ከሰሞኑ እየፈለገችው ነው።