የሜልበርን የስፖርት በጋ፦ የትኛው ትኬት ነው የሚያዋጣው?

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር እዚህ ፉትስክሬይ ሰፈር ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ዘንድሮ ምን እንይ? ክሪኬቱን ነው ቴኒሱን? ልጆች ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ? የአውስትራሊያ በጋ ስፖርት ለሚወድ ሰው ፈተና ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይመጣል፣ ኪሳችን ግን ያው ነው። እኔ እንደ አብዛኛው ያገሬ ሰው በእግር ኳስ ነው ያደግኩት። ግን የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እዚህ የሚታየው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ፣ በቀን ብርሃን ዓይኔን ሳላሽ የማየው ስፖርት ሲገኝ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። እናም የ2024/25ን በጋ እንደ ምሳሌ ይዤ፣ የቱ ትኬት እንደሚያዋጣና የቱ ገንዘብ መበተን እንደሆነ ሳልደባብቅ ልጻፍላችሁ።

የምገዛው አንድ ትኬት ብቻ ነው ካላችሁ የቦክሲንግ ዴይ ቴስትን ግዙ፤ ከፈረንጅ ገና ማግስት የሚጀምረው የአምስት ቀን ክሪኬት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ግን ተዉት። አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ያዙ።

አውቃለሁ፣ ክሪኬት ሲባል ፊታችሁ ሲጨማደድ ይታየኛል። አምስት ቀን ተጫውተው አቻ የሚወጡበት ነገር ምኑ ስፖርት ነው የሚል ወዳጅ አለኝ። ይወጣሉ፣ እውነቱን ነው፤ በዚያው በጋ የብሪዝበኑ ግጥሚያ ዝናብ ሲያቋርጠው ሰንብቶ በአቻ አልቋል። ሕጉ ግን የሚወራለትን ያህል አያስፈራም። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል። ወርዋሪው መቺውን ለማስወጣት፣ መቺው ደግሞ ላለመውጣትና ነጥብ ለመሰብሰብ ይታገላሉ። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ከወጣች ስድስት ነጥብ፣ መሬት ነክታ ከወጣች አራት። አሥር መቺ ሲወጣ ተራው ይቀየራል፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታል። ይኸው ነው። የቀረውን ጎናችሁ የተቀመጠ ሽማግሌ ሳትጠይቁት ያስረዳችኋል። መሃል ላይ ምሳ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሻይ እረፍት አለ። የሻይ ሰዓት ያለው ስፖርት እስካሁን እኛ አገር አለመግባቱ ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ቀን ለምን ይቅር አልኩ? መጥፎ ሆኖ አይደለም። የ2024ቱ እንዲያውም ጉድ ነበር። አውስትራሊያ ከሕንድ ነው፣ 87,242 ሰው ገብቷል፣ ሳም ኮንስታስ የሚባል የ19 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሩ ሊመታ ወጣ። የሚወረውርለት ጃስፕሪት ቡምራ ነው፣ በወቅቱ የዓለም ቁጥር አንድ ወርዋሪ። ከ2021 ጀምሮ በቴስት ጨዋታ ማንም ስድስት መትቶበት አያውቅም። ይሄ ልጅ እግሩን ከፈት አደረገና የሚመታበትን እንጨት ማንኪያ አስመስሎ ኳሷን ወደ ኋላ አሻግሮ ሰደዳት። ስድስት! ስታዲየሙ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ነው የጮኸው። በ65 ኳስ 60 ነጥብ ሰበሰበ። መሃል ላይ የሕንዱ አንጋፋ መቺ ቪራት ኮህሊ ሲያልፍ በትከሻው ገጨው፣ ለዚያም ከግጥሚያ ክፍያው 20 በመቶ ተቀጣ። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር እንዲህ ሲሆን አያምርም፣ የሆነ ሆኖ ለወሬ ተመቸን።

ችግሩ ዋጋውና ሕዝቡ ነው። የመጀመሪያው ቀን ትኬት ውድ ነው፣ ጥላ ያለው ቦታ ቀድሞ ያልቃል፣ ሽንት ቤቱም ምግቡም ሰልፍ ነው። ከሁሉም በላይ ያኔ ጨዋታው ገና ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ የሚጠቁም ነገር የለም። አምስተኛው ቀን ደረሰ ማለት ግን አራት ቀን የተከመረው ሁሉ ዛሬ ይፈታል ማለት ነው። ትኬቱም ከመጀመሪያው ቀን ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

በ2024ቱ አምስተኛ ቀን 74,362 ሰው ነበር። ሕንድ ለማሸነፍ 340 ያስፈልጋታል፣ ካልሆነላት እስከ ማታ ሳይወጡባት መቆየት አለባት። ለሻይ ሲወጡ ሦስት መቺ ብቻ አጥታ 112 ላይ ናት። አቻ ነው ብሎ ዕቃውን የሸከፈ ሰው አይቻለሁ። ከሻይ መልስ የሕንዱ መቺ ሪሻብ ፓንት ዝም ብሎ መቆም ሲበቃው ረጅም ኳስ ሊመታ ሞከረና ዳር ላይ ተቀለበ። ከዚያ በኋላ መያዣ ጠፋ። ሌላው መቺ ጃይስዋል 84 ላይ ሆኖ ኳሷ እንጨትህን ወይም ጓንትህን ነክታ ከኋላ ተቀልባለች ተብሎ ወጣ፤ የድምፅ መለያ መሣሪያው ምንም አላሳየም፣ ዳኛው ግን ኳሷ አቅጣጫ ስትቀይር በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ከበሮ ሲመቱ የዋሉት የሕንድ ደጋፊዎች እንዴት እንደተቆጡ አትጠይቁኝ። ሰባት መቺ በ34 ነጥብ ውስጥ ረገፈ፣ ሕንድ 155 ላይ አለቀች፣ አውስትራሊያ በ184 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች። ባጠቃላይ በአምስቱ ቀን 373,691 ሰው ገብቶ ከ1937 ጀምሮ የነበረውን የ350,534 ሪከርድ ሰበረ። እኔ በእግር ኳስ እንዲህ ያለ የመጨረሻ ሁለት ሰዓት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨዋታው ቀደም ብሎ ሊያልቅ ስለሚችል የአምስተኛውን ቀን ትኬት ለመግዛት አትቸኩሉ። አራተኛው ቀን ማታ ነጥቡን አይታችሁ ወስኑ።

ስለ ቦታው። ጨዋታው የሚካሄድበት ስታዲየም ኤም ሲ ጂ ወደ መቶ ሺህ ሰው ይይዛል፣ ሪችመንድ ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። እዚህ ፀሐይ የምትዞረው በሰሜን በኩል ስለሆነ በደቡብ ያለውን፣ በዝነኛው ወርዋሪ በሼን ዋርን ስም የተሰየመውን መቀመጫ ታች ታቹን ፊት ለፊት ትመታዋለች። ጥላ የሚፈልግ በሰሜን በኩል ወይም ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጃኬትም ያዙ፣ የሜልበርን ሰማይ አይታመንም። የቦክሲንግ ዴይ ቀን በፈረንጅ ሰዓት 3:50 ሲሆን ሕዝቡ ተነስቶ ባርኔጣውን ያነሳል፤ ዋርን ለአውስትራሊያ ቴስት የተጫወተ 350ኛው ሰው ስለነበር ነው። በ2022 ከሞተ ወዲህ የመጣ ነገር ነው፣ ያምራል።

ምግቡ ላይ አልራራም። ዋጋው አይቀመስም፣ ጣዕሙ ደግሞ የዋጋውን ያህል አይደለም። ለኛ ሌላም ጣጣ አለው፣ ቦክሲንግ ዴይ ማለት በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 17 ነው፣ የነቢያት ጾም። የስጋ ፓይ ሽታ ከየአቅጣጫው እየመጣ ቺፕስ ብቻ መብላት ነው። ደግነቱ ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ድፎ ዳቦና ቆሎ ይዤ ነው የምገባው፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሕንዳዊ አባት ቆሎዬ ውስጥ ሽምብራ ሲያዩ ሳቁና ከቦርሳቸው የራሳቸውን የተቆላ ሽምብራ አወጡ። የሳቸው በርበሬ አለው። ተለዋወጥን፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ኳስ ላይ አስተያየታቸውን ሲሰጡኝ ዋሉ።

ስታዲየሙን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 ሜልበርን ላይ ነው፣ ዋናው ስታዲየም ደግሞ ይሄው ነበር። ማሞ ወልዴ 800 እና 1500 ሜትር የሮጠው እዚህ ነው፣ ከማጣሪያ አላለፈም። ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። በዚያው በሜክሲኮ ኦሊምፒክ የሜልበርኑ ልጅ ፒተር ኖርማን 200 ሜትር በ20.06 ገብቶ ብር አገኘ፤ የአውስትራሊያ ሪከርድ ሆኖ 56 ዓመት ቆየ። የሰበረው ታዲያ በዚሁ በጋ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ወር፣ ብሪዝበን ላይ፣ በተማሪዎች ሻምፒዮና የሮጠ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ጋውት ጋውት ይባላል፣ ወላጆቹ ከደቡብ ሱዳን ናቸው። 20.04። የሰፈራችን ልጆች ከኮንስታስ ይልቅ እሱን ነበር የሚያወሩት፣ አልፈርድባቸውም።

ወደ ቴኒሱ፣ ወደ አውስትራሊያ ኦፕን። ሜልበርን ፓርክ ከኤም ሲ ጂ ባቡር ሐዲዱን ተሻግሮ ነው። ምክሬ አጭር ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት የግቢ መግቢያውን ትኬት ብቻ ግዙ። ሮድ ሌቨርና ማርጋሬት ኮርት አሬና የሚባሉትን ትልልቅ ሜዳዎች አያስገባም፣ ሌላውን ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሳያል። ትንንሾቹ ሜዳዎች ላይ አጥሩ ሥር ትቀመጣላችሁ፤ ተጫዋቹ ሲያቃስት፣ ጫማው ሲንቋቋ፣ ከራሱ ጋር ሲጣላ ትሰማላችሁ። በቴሌቪዥን የማይገኝ ነገር ነው።

ውዱን የሮድ ሌቨር ትኬት የምትገዙ ደግሞ የ2025ን ግማሽ ፍጻሜ አስታውሱ። ጆኮቪች ከዝቬሬቭ። ትኬቱ የኪስ ቦርሳ የሚያሳምም ነው። አንድ ዙር (ሴት ይሉታል) ተጫወቱ፣ ጆኮቪች ተሸነፈ፣ ጡንቻው ተጎድቶ ስለነበር እጅ ሰጥቶ ወጣ። አለቀ! ከሕዝቡ የጮኸበትም ነበር። ይህን ዋንጫ አሥር ጊዜ የወሰደ ሰው ቆስሎ ሲወጣ መጮህ ነውር ነው፤ የከፈለ ሰው ንዴት ግን ይገባኛል። ቴኒስ እንደ ክሪኬት ሰዓት አይሰጣችሁም። ወይ በአንድ ዙር ያልቃል፣ ወይ በ2023 አንዲ መሪ እና ታናሲ ኮኪናኪስ እንዳደረጉት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ድረስ ያስቀምጣችኋል። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው የምሽቱን ትኬት ይተው።

የግቢው ሰው ግማሹ ሰርግ የተጠራ ነው የሚመስለው፣ ለብሶ ተቀባብቶ፣ ጨዋታ ማየት ትዝ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ይሄ አያናድደኝም፣ ሰልፉን ያሳጥርልኛል። የሚያናድደኝ ሙቀቱ ነው። የፀሐይ ቅባትና ባዶ ኮዳ ያዙ፣ ውኃ በነጻ ትሞላላችሁ። በ2025 መሃል ያለው እሑድ ጥምቀት ላይ ዋለ፤ እኔ ወደ ጥምቀቱ ነው የሄድኩት፣ ቴኒሱ ሁለት ሳምንት አለው።

ቢግ ባሽ የሚባለውን አጭሩን ክሪኬት በሁለት መስመር ልለፈው። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ርችትና ሙዚቃ አለው፣ ለልጆች ከዚህ የተሻለ ምሽት አይገኝም። የሆባርት ቡድን በጥር 2025 ፍጻሜ ሚቼል ኦወን በ39 ኳስ መቶ ሞልቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲያስጨብጠው አይቼ እኔም ከሶፋዬ ተነስቻለሁ፣ በማግስቱ ግን ከሱ በቀር ማን ምን እንዳደረገ አላስታውስም።

ቤት ሆኖ ማየት ለሚመርጥ፦ በነጻ የሚታየው ቴሌቪዥን ይበቃል፣ ማስታወቂያው ግን ያሰለቻል። በየስድስቱ ኳስ ቢራ፣ መኪና። በወር የሚከፈልበት አንድ መተግበሪያ ሞክሬ ፓንት ኳሷን ሲመታ ስክሪኑ ደረቀብኝ፤ ሲመለስ ሰውየው ወጥቶ እየሄደ ነው። ብሬን መልሱ ብዬ ጻፍኩ፣ ቴሌቪዥንህን አጥፍተህ አብራው አሉኝ። አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶቻችን ጨዋታው የሚጀምረው በናንተ ከሌሊቱ 8:30 ነው፣ እንግዲህ ጉልበቱ ካላችሁ። ታክሲ ለምትነዱ ግን የኤቢሲ ሬዲዮን ነው የምመክረው። ማስታወቂያ የለውም፣ ተንታኞቹ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ስለ ኬክና ስለ እርግብ ያወራሉ፣ መቺ ሲወጣ ግን ከተሳፋሪው ቀድማችሁ ትሰማላችሁ።