ለሎጎና ለአርዲቦ የሚሆን ሪል፦ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ንጽጽር

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የሎጎ ሐይቅ አስጋሪዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በመረብ ስለሆነ፣ በዘንግና በሪል፣ ማለትም ከዘንጉ ጋር በሚታሰር የክር መጠቅለያ መሣሪያ፣ ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ዕቃውን በአካባቢው ገበያ እንደልብ አያገኝም። ያለው አማራጭ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይም ጅዳና ዱባይ ለሚኖር ዘመድ አደራ ማለት ነው። አደራው «ጠንካራ ሪል ላክልኝ» በሚል ቃል ብቻ ከተላለፈ ግን፣ በባሕር ጠረፍ የሚኖረው ዘመድ በቅርቡ የሚያገኘውን፣ ለባሕር ዓሣ የተሠራውን ከባድ ዕቃ ገዝቶ ቢልክ አይፈረድበትም። ስለዚህ ዓይነቱንና መጠኑን ለይቶ ማወቅ ዋጋ ከመጠየቅ መቅደም አለበት።

ለሎጎና በአቅራቢያው ላለው ለአርዲቦ ሐይቅ በእኔ ግምገማ ከሁሉም የሚሻለው ስፒኒንግ የሚባለው ክፍት ሪል ነው። ይህ ዓይነት በእንግሊዝ አገር በ1905 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ካገኘው የአልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ ሥራ የተነሣ ሲሆን፣ ዋናው ብልሃቱ በሚወረወርበት ጊዜ ክር መጠቅለያው የማይዞር መሆኑ ነው፤ ክሩ ከጠርዙ ላይ እየሾለከ ይወጣል እንጂ መጠቅለያውን አያሽከረክርም። በዚህ ምክንያት ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝን መንጠቆና እርሳስ እንኳ ርቆ ይሄዳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሎጎ የተጨመረው ቆሮሶ አፉ ትንሽ በመሆኑ በትንሽ መንጠቆና በቀላል ክር የሚጠመድ ነውና ይህ ጠባይ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። እጀታውም ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለሚዛወር አንዱ ሪል ለቤተሰቡ ሁሉ ያገለግላል። ጉድለቱ የናይለኑን ክር በጊዜ ብዛት ማጣመሙ ነው።

ቤይትካስተር የሚባለው ሪል በአንጻሩ በሸማኔ መወርወሪያ ውስጥ እንዳለ ቀሰም መጠቅለያው ራሱ እየዞረ ክር የሚለቅ ነው። የሚወረወረው ነገር ፍጥነቱን ቀንሶ ሳለ መጠቅለያው መዞሩን ከቀጠለ ክሩ በቅጽበት ይተበተባል፤ ይህን በአውራ ጣት ገትቶ ለመያዝ ደግሞ ልምምድ ይጠይቃል። ለከባድ ማጥመጃና ለወፍራም ክር ጥሩ መሣሪያ መሆኑን አልክድም፤ ከባድ አምባዛን ከጀልባ ላይ ለሚያጠምድ ሰው የሚመረጥበት ጊዜም አለ። ይሁን እንጂ እጀታው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስለማይዛወር ገዢው የግራ ወይም የቀኝ መሆኑን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፤ ለጀማሪ በመጀመሪያ ግዢነት አልመክረውም። ሽፋን ያለው ሪል፣ የአሜሪካው ዜብኮ 33 ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስለመደው ዓይነት፣ ለልጆች የሚሆን ቀላል ዕቃ ሲሆን ርቀቱና ፍሬኑ ግን ውሱን ነው። ዝንብ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማባበያ ለማጥመድ የሚሠራው ሪል ለእነዚህ ሐይቆች አያስፈልግም።

ዓይነቱ ከተለየ በኋላ ሻጮች መጀመሪያ የሚጠሩት የኩሽኔታ ብዛት ነው። በካርቶኑ ላይ «12» ተብሎ የተጻፈ ርካሽ ሪል፣ አራት ጥሩ ኩሽኔታ ካለው ዕቃ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ገንዘቡ ለቁጥር ማብዣ ሲውል ከማርሹ ጥራት የሚቀነስ ይመስለኛል። ከዚህ ይልቅ እጀታውን ይዞ በዝግታ ማዞር፣ የሚንቀጫቀጭ ወይም የሚላላ ነገር መኖሩን በጣት ማዳመጥ ይጠቅማል። 5.2:1 የሚለው ጽሑፍ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩን የሚጠቀልለው ክፍል ከአምስት ጊዜ ጥቂት አልፎ እንደሚዞር የሚገልጽ ነው፤ ለሁለቱ ሐይቆች ከዚህ የፈጠነ አያስፈልግም።

የሪል ነፍሱ ፍሬኑ ነው። ዓሣው በኃይል ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ እየተለቀቀ እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው፤ በደንብ ተስተካክሎ የሚሠራ ፍሬን ክሩ ከሚችለው ክብደት ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ጉልበት ላይ መልቀቅ ይጀምራል። 4 ኪሎ የሚችል ክር የሚጠቀም ሰው እንግዲህ ፍሬኑን 1 ኪሎ ግድም ላይ ያስተካክላል። ይህን ሱቅ ውስጥ መፈተን ቀላል ነው፦ አንድ ሊትር ውኃ የሞላ ሃይላንድ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ከክሩ ጫፍ ላይ አስሮ ሪሉን ከፍ አድርጎ በመያዝ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ማላላት ነው። ሃይላንዱ በእኩል ፍጥነት እየወረደ ከሄደ ፍሬኑ ደህና ነው፤ እየያዘና እየለቀቀ በመንተፍተፍ ከወረደ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል፣ አምባዛ ክር የሚበጥሰው በእንዲህ ዓይነቱ መንተፍተፍ ነውና። ሻጩ በዚህ ፈተና ከተቆጣም መልሱ ተገኝቷል።

መጠንን በተመለከተ ለቆሮሶ 2500፣ ካርፕንና አምባዛን ጨምሮ ለሚያጠምድ ደግሞ 3000 ወይም 4000 የሚል ቁጥር ያለው ስፒኒንግ ሪል ይበቃል፤ 6000ና ከዚያ በላይ ያለው ክንድ ከማድከም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ቁጥሩ በሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የሺማኖው 2500 ከዳይዋው 2500 ጋር በትክክል ላይገጥም ይችላል፤ በዚህም የተነሣ ለዘመድ በሚጻፈው መልእክት ላይ የሚይዘው የክር ርዝመትና ውፍረት፣ የሪሉም ክብደት በግራም ቢጨመር መልካም ነው። ተጨማሪ ክር መጠቅለያ አብሮ የሚመጣ ከሆነ ጥቂት ብር ጨምሮ እርሱን መውሰድ ያዋጣል፤ አንዱ ላይ የናይለን ክር፣ ሌላው ላይ የተጎነጎነ ክር ለመጠቅለል ያስችላልና። ሲጠቀለልም ክሩ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት፤ ከዚያ ካለፈ በሚወረወርበት ጊዜ በአንድነት እየተዘረገፈ ይወጣል፣ ካነሰም ርቀቱን ይቀንሳል።