አዲስ ምጣድ ልገዛ ወጥቼ አሮጌዋን አሠርቼ ተመለስኩ (ምናለሽ ተራ)

ሊጡ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ብሎ እየጠበቀኝ የኤሌክትሪክ ምጣዴ ሙቀት የሚባል አጣች። ባለቤቴ «እቁቡ ደርሶን የለ፣ በቃ አዲስ ግዢ» አለኝ፣ እኔም ቴሌግራም ላይ የሚለቁትን ምጣዶች ሳይ ነው የከረምኩት፣ ሰበብ ነበር የቀረኝ። ግን ምጣዷን እናቴ ናት ለሰርጌ የሰጠችኝ፣ ዝም ብዬ ልጥላት አንጀቴ እምቢ አለኝና በብርድልብስ ጠቅልዬ ምናለሽ ተራ ወሰድኳት።

ለማያውቅ፣ መርካቶ ውስጥ ነው፣ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቃቀመው ዕቃ ሁሉ የሚገባበት፣ በርሜል ተቀጥቅጦ ከሰል ማንደጃ፣ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሆንበት ቦታ። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል፣ በጠዋት ሂዱ።

የሠሩልኝ ትልቅ ሰው ናቸው። ምጣዷን በፊቷ ደፍተው ከሥሯ ያለውን ጀሶ በመሮ ቀስ እያሉ ፈረፈሩት፣ ከሥሩ ሸክላው ላይ ዙሪያውን በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የተኛው ሽቦ ወጣ፣ አንድ ቦታ ጠቁሮ ተበጥሷል። ጋሼ ቢቀጥሉትስ ስላቸው «የተቀጠለ መልሶ እዛው ይበጠሳል የኔ ልጅ» ብለው ሙሉውን ቀየሩት። ከዛ ሸክላውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ድምፁን ሰሙና «ደህና ናት፣ እንዲህ የሟሸች ምጣድ ከየት ታመጫለሽ፣ አዲስ እንዳትገዢ» አሉኝ። ይሄን የሚሉኝ እኮ አጠገባቸው የራሳቸው አዲስ ምጣድ ለሽያጭ ተደርድሮ ነው! ደስ ብሎኝ ልቤ ሙሉ ብሎ ነው የወጣሁት። የከፈልኩት ለአዲስ ከተጠየቅኩት ሩቡን አይሞላም።

ቅሬታ አለኝ፣ ደረሰኝ የለም፣ ደግሞ ቤት ወስጄ ስሰካት ሶኬቱ ጋለብኝ፣ የገመዱ መጋጠሚያ ላልቶ ነበር። በነፃ አጠበቁልኝ ግን ያንን ሸክላ ተሸክሞ በታክሲ መመላለስ ከባድ ነው፣ እዛው ሳላችሁ አስፈትሹ።

ጀሶው እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ አቆይቼ በጎመን ዘር አሽቼ አሟሸኋት፣ ሁለተኛዋ እንጀራ ላይ አይኑ ጥርት ብሎ ወጣ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ምጣዷ ተበላሽታ በከረመችበት ጊዜ ከታች ያሉት እትዬ ሰምተው «ሊጥሽን ይዘሽ ነይ» ብለውኝ እሳቸው ቤት ነበር የምጋግረው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አራት ዓመት ስንኖር ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ» ከመባባል አላለፍንም ነበር፣ አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ውላ ስትመጣ ቀጥታ እሳቸው ጋ ነው የምትገባው። ምጣዴ ድና እንኳን ብቻዬን መጋገር አላስቻለኝም፣ አንድ ሳምንት እሳቸው ጋ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ የሁለታችንንም ሊጥ በአንድ ሙቀት ጋግረን ቡናው እዛው ይፈላል። የእቁቡ ብር እስካሁን አለ፣ ለፋሲካ እናቴ ጋ ጎጃም እንሄድበታለን ብለናል።