ሚከር ወይስ ሄሪቴጅ? ለሲያትል ጓሮ የሚሆን ራስቤሪ

ሲያትል አካባቢ ጓሮ ካላችሁ ራስቤሪ ትከሉ። አየሩ በጣም ይስማማዋል። የምትመርጡት ዝርያ ግን አገራረዙን ይወስናል።

ሚከር በ1967 የወጣ የዋሽንግተን ዝርያ ነው። ግንዱ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል። በሁለተኛው ዓመት ጁላይ ላይ ያፈራል፤ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ መቀስ ስታነሱ ለዩ። አፍርቶ የጨረሰውን ቡናማ ግንድ ከሥሩ ቁረጡት። አረንጓዴውን አደራ አትንኩት፤ የከርሞ ፍሬ የሚመጣው ከእሱ ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም ይጨፈጭፍና በዓመቱ "ምነው አላፈራም?" ይላል። ቁመቱም ስለሚረዝም በምሰሶና በሽቦ መደገፍ አለበት።

ሄሪቴጅ በ1969 ከኒውዮርክ የወጣ ነው። ግንዱ በበቀለበት ዓመት ጫፉ ላይ ያፈራል። ፌብሩዋሪ ላይ ሁሉንም ከመሬት እኩል መቁረጥ ይቻላል፤ መለየት የለም። ችግሩ ዘግይቶ መብሰሉ ነው። የኦክቶበር ዝናብ ከደረሰበት ፍሬው ይሻግታል።

ጊዜ ለሌለው ሄሪቴጅ ይቀላል። እኔ ግን ለዚህ አገር ሚከርን እመርጣለሁ፤ ጣዕሙ ልፋቱን ይክሳል። ሁለቱም ውሃ የሚያቁር መሬት አይወዱም፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። አፈሩ ጭቃማ ከሆነ ከፍ ያለ መደብ ሥሩላቸው።