ቁርጭምጭሚቷ ለሚንቋቋ ልጄ የሄድኩበት ፊዚዮቴራፒ

የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ወረፋውን ላማ ስለሆነ። ለ3 ሰዓት ቀጠሮ ይዘን የገባነው 5 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ካርድ ክፍሏ ልጅ «አሁን ትገባላችሁ» እያለች አቆየችን። የልጆች ክፍል ተብሎ አንዲት መጫወቻ እንኳን የለም።

ባለሙያዋ ግን ሌላ ናት።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ቁርጭምጭሚቷ ቀጭ ቀጭ ይላል። አማቴ «ጅማቷ ዞሮ ነው፣ ወጌሻ ይያት» ብለዋል። ጫማ ሻጩ ደግሞ ውድ ሶል ሊሸጥልኝ ነበር።

ባለሙያዋ ጫማና ካልሲ አስወልቃ ኮሪደሩ ላይ አስሮጠቻት። በጣቶቿ ጫፍ አስቆመቻት፣ በአንድ እግር አዘለለቻት። ከዚያ «የኔ ቆንጆ፣ እግርሽን አዙሪው እስቲ» አለችና የእኔን ጣት ይዛ ከውጪኛው አጥንት አጠገብ አስቀመጠችው። ቀጭ ሲል አንድ ቀጭን ገመድ የመሰለ ነገር ከጣቴ ስር ሸርተት አለ። ጅማት ነው፤ አጥንቱን ሲሻገር ይጮኻል። አንዳንዴ ደግሞ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ አረፋ ሲፈጠር ነው ድምፁ የሚመጣው። ጣታችንን ስናንቋቋ የምንሰማው እሱን ነው፤ ያንኑ ጣት ወዲያው መድገም የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ባለሙያዋ የልጄን አውራ ጣት ወደ ክንዷ አጠፈችው፤ ያለ ችግር ነካ። ክርኗንም ጉልበቷንም አየች። መገጣጠሚያዋ ልል ነው አለች፤ ልጆች ላይ የተለመደ ነው።

ኤክስሬይ የለም፣ ሶል የለም፣ የካልሲየም ሽሮፕ የለም። ጥርሷን ስትቦርሽ በአንድ እግሯ ትቁም፣ ቤት ውስጥ በባዶ እግሯ ትሂድ፣ በቃ። ካመማት፣ ካበጠ፣ ካነከሰች፣ መገጣጠሚያው ከተቆለፈ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ሐኪም ጋ ቶሎ ውሰጃት ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ።

አማቴ «ኋላ ሪህ ይሆንባታል» ብለው ነበር። ዶናልድ አንገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የአንድ እጁን ጣቶች ብቻ 60 ዓመት ያህል ሲያንቋቋ ኖሮ፣ በሁለቱ እጆቹ መካከል የሪህ ልዩነት እንዳላገኘ ነገርኳቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት አግኝቶበታል። «ሥራ የፈታ ሐኪም» ብለው ሳቁ።

ድምፁ አሁንም አለ። ለምርመራው የከፈልኩት ከዚያ ሶል ዋጋ ያንሳል። ልጅ ይዛችሁ ፊዚዮቴራፒ የምትሄዱ ከሆነ የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ያዙ፣ ሰፊ ቁምጣ አልብሱ፣ መክሰስም አትርሱ።