ኤሊዋን በልኳ ያተመልኝ ቤት

ሐዋሳ ውስጥ ባነር የሚያትም ቤት ሞልቷል። ለሰርግና ለምርቃት ከሆነ የትኛውም ጋ ብትሄዱ ይሠራላችኋል። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የፈለግሁት ለክፍሌ ግድግዳ የሚሆን የአንዲት ኤሊ ምስል ነበር፣ ያውም በእውነተኛ መጠኗ።

ተማሪዎቼ ሐይቅ ዳር ያደጉ ናቸው። ቆሮሶና አምባዛ በሩቁ ይለያሉ። ኤሊ ሲባል ግን የሚታያቸው ሣር ለሣር የምታዘግመው ብቻ ናት። ኦሞና ባሮ ወንዝ ውስጥ ጀርባዋ ብቻ አንድ ሜትር ሊጠጋ የሚችል፣ ከ40 ኪሎ በላይ ልትመዝን የምትችል የውሃ ኤሊ አለች ብላቸው አላመኑኝም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ከኢንተርኔት ያገኘውን የየብስ ኤሊ አትሞ አስረከበኝ። «ያው ኤሊ አይደለች?» አለኝ። ገንዘቤ ቀለጠ።

ሁለተኛው ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ፎቶውን በፍላሽ ወሰድኩ። ዲዛይነሩ ገና ወጣት ነው፤ ከፍቶ አየና «ቲቸር፣ ይሄ አፍንጫዋ ነው ወይስ ፎቶው ተበላሽቶ ነው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ይህቺ ኤሊ አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ ራሷን ትቀብራለች። መተንፈስ ስትፈልግ ረጅም አንገቷን ትዘረጋና እንደ ቱቦ የሾለውን አፍንጫዋን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ ታደርጋለች። ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት ያገኘችውን ትበላለች፤ የሞተም አትንቅም። ጀርባዋ እንደሌሎቹ ኤሊዎች በጠንካራ ሰሌዳ የተሸፈነ አይደለም፣ ቆዳ ነው። ውሃ ውስጥ ስትቆይ በዚያ ቆዳና በጉሮሮዋ የውስጥ ሽፋን በኩል ከውሃው ኦክስጅን ትወስዳለች። ልጁ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «በቆዳዋ?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የራሱ አደረገው። ፎቶው ሲለጠጥ እግሮቿ ደበዘዙ፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና ሳላቸው። በየእግሩ አምስት አምስት ጥፍር አደረገላት። ጣቶቿስ አምስት ናቸው፤ ጥፍር ያላቸው ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሟ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጉዊስ ነው። ባለ ሦስት ጥፍር ማለት ነው፣ አንዴ በግሪክ፣ አንዴ በላቲን። ይህን ስነግረው ሳቀና ትርፎቹን ጥፍሮች አንድ በአንድ አጠፋ።

የመጀመሪያው ህትመት በጣም ቢጫ ሆኖ ወጣ። እሷ አረንጓዴ የቀላቀለ ቡኒ ናት፣ ፈዛዛ ነጠብጣብ ያላት። እኔ ሳልከራከር ራሱ አይቶ «ይሄ አይሆንም» አለና ሳያስከፍለኝ ደገመው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ዋጋው በካሬ 450 ብር ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ስለሆነ 675 ብር ከፈልኩ። የማዕዘን ቀለበቶቹ ከነዋጋው ናቸው። ነገ ይደርሳል ብሎኝ ሦስት ቀን ፈጅቷል፤ መብራት ጠፍቶበት ነው፣ ግን ደውሎ አለመናገሩ ደስ አላለኝም። ደግሞ ባነሩ ያብረቀርቃል። ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አይታያቸውም። እናንተ የማያብረቀርቀውን ጠይቁ።

ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «ለአደጋ የተጋለጠች» ብለን ጽፈናል። በዓሣ መረብ ተይዛ ትሞታለች፣ ለሥጋዋም ትታደናለች።

ባነሩን የሰቀልኩ ቀን አንድ ተማሪዬ፣ ጋምቤላ የተወለደ ልጅ ነው፣ ቀርቦ ጣቱን አፍንጫዋ ላይ አሳረፈ። «ቲቸር፣ እኛ ጋ እንዲህ ነው የምትታየው፣ ይቺ ብቻ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ።

አሁን እንቁላሎቿን አዝዣለሁ። ሴቷ ዳርቻው ላይ አሸዋ ቆፍራ የምትቀብራቸው ነጭ፣ ክብ እንቁላሎች ናቸው። በስቲከር እየቆረጠልኝ ነው። ሐሙስ ና ብሎኛል፤ ከመሄዴ በፊት ግን ደውዬ አረጋግጣለሁ።