«ዱዋል ባትሪ» እያሉ የሚሸጡትን የጄት ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ጎበዝ፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ የሪሞት ጄት የምታበሩ ወይ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ኦንላይን ላይ «ለጄት የተዘጋጀ ዱዋል የሪሲቨር ባትሪ» ብለው የሚሸጡት ርካሽ ኪት አለ፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ስዊች፣ ገመዱ ተበይዶ ያለቀለት፣ ሰክታችሁ አብሩ ነው የሚሉት። ሪሲቨር ማለት ጄቱ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ዕቃ ነው፣ ሁለት ባትሪ የሚደረግለትም አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲይዝ ነው። አትግዙት። የክለባችን ልጅ ገዝቶት አንዴም ሳይበር ጠረጴዛ ላይ ፈታነው፣ ውስጡን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁለቱ ባትሪዎች ለየብቻ ነው የሚሰኩት፣ እስከዛ ጥሩ፣ ግን ስዊቹ ፕላስቲክ ውስጥ ቀዩ ከቀይ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ተበይዶ በአንዲት ሚጢጢ ማብሪያ ያልፍና በአንዲት ቀጭን የሰርቮ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይሄዳል (ሰርቮ የጄቱን መሪዎች የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር ናት)። ዳዮድ (ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) የለ፣ ሬጉሌተር (ቮልት የሚያስተካክል) የለ፣ ምንም የለ። ጣራ ላይ ሁለት ሮቶ ሰቅሎ ወደ ቤት የሚወርደውን ቧንቧ አንድ ማድረግ ማለት ነው፣ ቧንቧው ከተዘጋ ሁለቱም ሮቶ ጢም ብሎ ሞልቶ ቤት ውስጥ ጠብታ የለም። ማብሪያዋ ብትበላሽ፣ ብየዳዋ በተርባይኑ (በጄቱ ሞተር) ንዝረት ብትላቀቅ በቃ አለቀ። እንደውም ከአንድ ባትሪ የሚብስበት ጊዜ አለ፣ አንደኛው ውስጥ አንድ ሴል ሾርት ካደረገ ጤነኛው ባትሪ ጉልበቱን ወደ በሽተኛው ያፈስና ቮልቱ አብሮ ይወርዳል። በደንብ የተሰራ ቢሆን መሀል ላይ ያለው ዳዮድ ነበር ይሄን የሚከለክለው።

ቮልት ወረደ ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ብዙ ሪሲቨር ከ3.5 ቮልት በታች ሲሆንበት ይጠፋና እንደገና ይነሳል። የኤኤምኤ (የአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ማህበር) የተርባይን ህግ የፍጥነት ጣሪያው በሰአት 200 ማይል ነው፣ የዛን ግማሽ እንኳን ብትበሩ በሰከንድ 45 ሜትር ገደማ ናችሁ፣ ነጭ ጋዝ ተሸክሞ በዛ ፍጥነት ማንም የማይነዳው ነገር ሰው ባለበት ሜዳ ላይ አስቡት።

ባትሪዎቹስ? ላዩ ላይ 6000 ሚሊአምፒር ይላል። ሽፋኑን ስንልጠው ሁለት 18650 ሴል (ድቡልቡሏ የሊቲየም ባትሪ) በተከታታይ፣ በቃ። በተከታታይ ስታገናኙ ቮልት ነው የሚደመረው እንጂ ሚሊአምፒሩ የአንዱ ያው ነው፣ ጥሩ የሚባለው 18650 ደግሞ 3500 አካባቢ ነው የሚይዘው፣ 6000 ከየት መጣ? ቻርጀር ላይ ዲስቻርጅ ስናደርገው 2000 እንኳን አልሞላም። ሳትፈቱ ለማወቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ትክክለኛው ሴል አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ የሚቀል ከሆነ ተዉት። ሌላው «ለሁሉም ሰርቮ ይሆናል» የሚለው ውሸት ነው፣ ይሄ ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፣ ሰርቮአችሁ የ6 ቮልት ከሆነ ያቃጥለዋል። ለተርባይኑ ኢሲዩ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ብሎ ሶስተኛ ገመድም አውጥቶለታል (!) ፓምፑና ስታርተሩ የሚስቡትን ከሪሲቨር ባትሪ ላይ? ኢሲዩ የራሱ ባትሪ ነው ያለው፣ አትቀላቅሉ።

ምን እንግዛ ላላችሁ፣ አቅም ካላችሁ እንደ ጀርመኑ ፓወርቦክስ ያለ ሁለት ባትሪ ለየብቻ የሚቀበልና ከመሀል የሚለያያቸው ዕቃ ነው፣ ስዊቹም ቢበላሽ ኦን ሆኖ የሚቀር አይነት ይሁን። ይሄ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ካልሆነ አንድ አይነት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች፣ ለየራሳቸው ስዊች፣ ለየራሳቸው ገመድ፣ ሪሲቨሩ ላይ ሁለት የተለያየ ቦታ ይሰኩ። መሀል ላይ መለያ ስለሌለው እንደ መጀመሪያው አይሆንም ግን ከዛ ኪት በብዙ ይሻላል፣ አንዷ ማብሪያ ብትሞት ሌላዋ አለች፣ ከረንቱም ይከፋፈላል። ትንሿ የሰርቮ ኮኔክተር ጥቂት አምፒር ነው ያለ ጭንቀት የምትችለው፣ ጄት ላይ ዲጂታል ሰርቮዎች ባንዴ ሲንቀሳቀሱ ከ10 አምፒር በላይ ሊስቡ ይችላሉ። ሁለት 6.6 ቮልት ላይፍ (LiFe የሚባለው የሊቲየም አይነት) ባትሪ ለዚህ ደስ ይላል፣ ሲሞላ 7.2 ነው፣ ግን ቻርጀሩን ላይፍ ላይ አድርጉት፣ በሊፖ (ሌላኛው የሊቲየም አይነት፣ ቮልቱ ከፍ ይላል) እንዳትሞሉት።

ማንኛውንም ዱዋል ነገር ከማብረራችሁ በፊት አንዱን ባትሪ ንቀሉና የሪሞቱን ስቲክ ሁሉ ባንዴ አንቀሳቅሱ፣ ቴስተር ይዛችሁ ቮልቱን እዩ፣ ከዛ ያኛውን መልሳችሁ ሌላኛውን ነቅላችሁ ድገሙት። የኛው ኪት እዚችው ላይ ነው የወደቀው፣ በአንዱ ባትሪ ብቻ ስናንቀሳቅሰው ሪሲቨሩ ጠፍቶ ተነሳ።

ሻጩ «ተፈትሿል» አለ፣ ከዛ ከተከፈተ አንመልስም አለ። የገዛችሁ ካላችሁ ሳጥኑንና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አትጣሉ፣ የቻርጀሩን ንባብ ፎቶ አንሱት፣ በካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁ ጋር ዲስፒዩት ክፈቱ፣ ከሻጩ ጋር ስትጨቃጨቁ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ባትሪዎቹን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር አሽጋችሁ ሆም ዲፖ ወይ ሎውስ ያለው የባትሪ መሰብሰቢያ ሳጥን ውስጥ ክተቱት።